የጸደቀው ሰነድና ያልጸደቀው ችግኝ



ባለፈው ሴሚስተር ማብቂያ ላይ የፈተና ወረቀት ሳርም አንድ ነገር አስተዋልሁ። የልማት ኢኮኖሚክስ የማስተምራቸው የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች «ዘላቂ ልማት ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስ በአብዛኛው ቃል በቃል አንድ ነው። የዛሬው ትውልድ ፍላጎቱን ሲያሟላ የነገውን ትውልድ ዕድል እንዳያበላሽ የሚለውን የታወቀ ትርጉም ከነሥርዓተ ነጥቡ አስፍረውታል። መልሱ ትክክል ስለሆነ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁ። ስምንተኛው ወረቀት ላይ ስደርስ ግን «ትውልድ» ለማለት በተጻፈው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ አንዲት ፊደል መጉደሏን አየሁ። ወደ ኋላ ተመልሼ ያረምኋቸውን ሳገላብጥ በሁሉም ላይ የጎደለችው ያችው ፊደል ናት። መጀመሪያ ተኮራርጀዋል ብዬ ተቆጣሁ። በኋላ የራሴን ሃንድአውት አውጥቼ ስመለከት ግድፈቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ።

ሃንድአውቱን ያዘጋጀሁት ከስምንት ዓመት በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ መልሼ አላነበብሁትም። ልጆቹ ግን አምነው፣ ስሕተቱን ጭምር ሸምድደውታል። ያን ማታ ወረቀቶቹን ደርድሬ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ። ለእነዚህ ልጆች ዘላቂነትን አስተምሬአቸው ነበርን? ወይስ ስለ ዘላቂነት የተባለ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያስታውሱ ብቻ ነው ያደረግሁት? ይህችን መጣጥፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ሰነድ አላነሰንም

እንደሚታወቀው በዚህ ጉዳይ ላይ የሰነድ ድህነት የለብንም። «ዘላቂ ልማት» የሚለው ሐሳብ በዓለም መድረክ የገነነው በኖርዌይዋ ፖለቲከኛ በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1987 ሪፖርቱን ካወጣ በኋላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2014 የነበሩትን ዐሥር ዓመታት ለዘላቂ ልማት ለሚሆን ትምህርት ሰይሟቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በጸደቁት የዘላቂ ልማት ግቦች ውስጥም ተማሪዎች ሁሉ ለዚሁ የሚያስፈልገውን ዕውቀትና ክህሎት እንዲያገኙ የሚጠይቅ ንዑስ ግብ አለ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 የልማት መብትን፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ የአካባቢ ደኅንነት መብትን ይደነግጋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ተከታትለው ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አገሪቱን እስከ 2025 ድረስ የጋዝ ልቀቷን ሳታበዛ መካከለኛ ገቢ ላይ ለማድረስ ያለመ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል።

ቋንቋችን በዚህ ረገድ ትዝብት አላት። «ጸደቀ» የምንለው ለሁለት ነገር ነው። ሰነድ ምክር ቤት ቀርቦ እጅ ሲወጣለት ጸደቀ እንላለን፤ ችግኝ ተተክሎ ሥር ሲይዝም ጸደቀ እንላለን። የመጀመሪያው መጽደቅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ሁለተኛው ግን በጋን መሻገር አለበት፤ ውሃ፣ አጥርና ጠባቂ ይፈልጋል። እኛ በመጀመሪያው የተካንን ሕዝብ ነን። ትምህርታችንም ይህንኑ መልክ ይዟል፤ ትርጉም እናጸድቃለን፣ ክህሎት ግን ሥር አይይዝም።

የዘላቂነት ክህሎት ስል የተወሳሰበ ነገር ማለቴ አይደለም። አንደኛ፣ የነገሮችን ትስስር ማየት፤ ተራራው ላይ የተቆረጠው ዛፍና ታች ግድቡን የሞላው ደለል አንድ ታሪክ መሆናቸውን መረዳት። ሁለተኛ፣ ከዛሬ ጥቅም ማዶ ያለውን ዋጋ ማስላት፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ማን እንደሆነ መጠየቅ። ሦስተኛ፣ ጥቅማቸው የሚጋጭ ሰዎችን አቀራርቦ ማስማማት። አራተኛ፣ ያዩትን ችግር በስሙ ጠርቶ መናገር። እነዚህ አራቱ እንደ ዋና ናቸው፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተስሎ ዋና የተማረ ሰው የለም።

ወረቀቶቹ ምን አሉ?

በዚህ ሴሚስተር ያው ክፍል ስለተመለሰልኝ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለጥያቄ አዋልሁት። «ዘላቂነትን መማር ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» የሚለውን ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። ስማችሁን አትጻፉ፣ ነጥብም የለውም፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ ጻፉ አልኋቸው። በእንግሊዝኛ ሦስት መስመር መጻፍ የሚከብዳቸው ልጆች ገጽ ሙሉ ጽፈው ሰጡኝ። በአፋን ኦሮሞ የተጻፉትን አንድ የሥራ ባልደረባዬ አነበበልኝ። ሁለት ዓመት ያስተማርኋቸው ልጆች እንዲህ የሚያስቡ መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ጥቂቶቹ «ለግሬድ ነው» ብለው ተገላግለዋል። ሐቀኝነታቸውን አመሰግናለሁ። የቀሩት ሐሳቦች ግን በአራት ይጠቃለላሉ።

የመጀመሪያው የእንጀራ ሐሳብ ነው። «አባቴ በሬ ሸጦ ነው ያስተማረኝ» ይላል አንዱ። «ስመረቅ የምጠየቀው ስለ 2050 ሳይሆን ስለሚቀጥለው ወር ነው።» አንዷ ደግሞ «የሥራ ማስታወቂያ ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ሁለት ዓመት ልምድ ሲጠይቅ እንጂ ዘላቂነት ሲጠይቅ አላየሁም» ብላለች።

ሁለተኛው የፍትሕ ሐሳብ ነው። ዓለምን በጢስ የሞሉት ሌሎች ሆነው ሳለ ቁጠባን የምንማረው እኛ የሆንነው ለምንድን ነው የሚል ነው። «የበላው ሌላ፣ ሒሳብ የሚጠየቀው ሌላ» ሲል አንዱ አሳጥሮ ጽፎታል።

ሦስተኛው የኮንሶ ልጅ ነው። እንዲህ ይላል፦ «አባቴ እርከን ሲሠራ ድንጋይ እያቀበልሁ ነው ያደግሁት። እዚህ መጥቼ ስለ አፈርና ውሃ ጥበቃ ስማር ከውጭ አገር የመጣ ዘዴ መስሎኝ ነበር። የአባቴ ሥራ መሆኑን ያወቅሁት ፎቶግራፉን ሳይ ነው።»

አራተኛው ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው። በተለያየ የእጅ ጽሕፈት፣ በተለያየ ቋንቋ፣ ነገር ግን በአንድ ሐሳብ ደጋግሞ የመጣ ነው፦ ማየት አላቃተንም፤ ካየን በኋላ ለማን እንናገራለን? አንዱ እንዲያውም «ችግሩን የተናገረ ሰው ራሱ ችግር ተብሎ ይመዘገባል» ብሏል።

እንግዲህ እነዚህ ልጆች ደንታ ቢሶች ናቸውን? በየስብሰባው «የዛሬ ተማሪ ከስልኩ ውጭ ምንም አያሳስበውም» ሲባል ስሰማ ኖሬአለሁ፤ እኔም ብያለሁ። ወረቀቶቹ ይህን አባባል ውድቅ አድርገውብኛል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሐሳብ መልስ መስጠት ግዴታዬ ነው።

እንጀራና ሐይቅ

«መጀመሪያ እንጀራ» የሚለውን ሐሳብ ከልቤ አከብረዋለሁ። በሬ የተሸጠለት ልጅ ስለ በሬው ማሰቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን እንጀራ አንድ ጉዳይ፣ አካባቢ ሌላ ጉዳይ ነው የሚለውን ግምት የሐሮማያ ሐይቅ ታሪክ ያፈርሰዋል።

ሐሮማያ፣ የቀድሞው አለማያ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከአሜሪካ ኦክላሆማ በመጣ ድጋፍ የተቋቋመ የአገራችን አንጋፋ የግብርና ትምህርት ቤት መኖሪያ ነው። ከትምህርት ቤቱ ደጅ ሐይቅ ነበር። ሐረር ከተማ ከዚያ ትጠጣ ነበር፤ የዙሪያው ገበሬም ጫቱንና አትክልቱን ከዚያ ያጠጣ ነበር። የውሃ መሳቢያ ሞተር በዛ፣ ከተማዋ ሰፋች፣ ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚወርደው ደለል የሐይቁን አልጋ ሞላው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሐይቁ ደርቆ ጀልባ የሄደበት ላይ ከብት ጋጠበት። ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ ሽቅብ እስከ ማስመጣት ደርሳለች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውሃው በከፊል ተመልሷል፤ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ደርቆ የነበረበት ዘመን ትምህርቱን ይዞ ሊቀርብን አይገባም።

ትምህርቱ ይህ ነው። ዕውቀት አልጠፋም ነበር። የዚያው ተቋም ሰዎች ሳይቀሩ ሐይቁ እየሸሸ መሆኑን ጽፈዋል። ሞተር የገዛው ገበሬም ሞኝ አልነበረም፤ ለልጆቹ እንጀራ ነው የሳበው። እኔ ባልስበው ጎረቤቴ ይስበዋል ማለቱ ለእርሱ ለብቻው ትክክለኛ ስሌት ነበር። እያንዳንዱ ትክክል አስልቶ ሁሉም በአንድነት ከሰሩ። የታጣው ገበሬውን፣ የከተማውን ውሃ አገልግሎትና ተመራማሪውን ሐይቁ ሳይደርቅ አንድ ምንጣፍ ላይ ማስቀመጥ የሚችል ሰው ነው። ሲደርቅ እንጀራውም አብሮ ደረቀ። የዘላቂነት ክህሎት የምለው ይህ ነው፤ የእንጀራ ተቃራኒ ሳይሆን የእንጀራ ጠባቂ ነው።

ሥራ ቅጥርን በተመለከተም ማስታወቂያው «ዘላቂነት» የሚል ቃል ላይኖረው ይችላል፤ ሥራው ግን እየመጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪናውን ማን ይጠግናል? ያረጀ ባትሪው የት ይጣላል? የፀሐይ ኃይል የውሃ መሳቢያ ለገበሬ ማኅበር ሲሰጥ፣ ተራውን ማን ያወጣል፣ የጉድጓዱን ውሃ ማን ይለካል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ምሩቅ ከሌለን ባለሙያውንም እንደ መኪናው ከውጭ እናስገባለን።

የፈረንጅ ጉዳይ ነውን?

የፍትሕ ጥያቄ ያነሡት ልጆች መሠረታዊ እውነት ይዘዋል። አፍሪካ በዓለም የካርቦን ልቀት ውስጥ ያላት ድርሻ በግምት ከመቶ 4 ነው። ድርቁና ጎርፉ ግን በድርሻችን ልክ አልመጣም። ይህን በዓለም አደባባይ መናገር ራሱ ክህሎት ነው፤ ተደራዳሪ የሚሆኑ ልጆች ከእነዚህ ወንበሮች መውጣት አለባቸው።

ይሁን እንጂ ከዚህ እውነት ጀርባ መደበቅ አይገባንም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። ያ ቆሻሻ ከለንደን አልመጣም። ከአዲስ አበባ ቤቶች፣ ከእኔና ከመሰሎቼ ደጅ፣ ለአምስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ እየተጫነ አንድ ቦታ የተቆለለ ነው። ሁላችንም ከቤታችን ሲወጣ የጠፋ መስሎን ነበር።

ጣና ላይ የተንሰራፋውን እምቦጭንም እንመልከት። አረሙ መጤ ነው፤ የትውልድ ቦታው ደቡብ አሜሪካ ነው። ቀለቡ ግን የእኛ ነው። ከማሳ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚለቀቀው ፍሳሽ ያፋፋዋል። ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በባዶ እጁ ነቀለው፤ ተማሪውም በዘመቻ ሄዶ ነቀለ። ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን ቀለቡ ሳይቋረጥ የተነቀለ አረም መልሶ እንደሚመጣ ለገበሬ ማስተማር አያስፈልግም።

ዕውቀቱስ የማን ነው? የኮንሶው ልጅ መልሱን ሰጥቶናል። የኮንሶ እርከን እ.ኤ.አ. በ2011፣ የጌዴኦ መልክዓ ምድር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ጌዴኦዎች ተዳፋት ላይ እንሰትን፣ ቡናንና አገር በቀል ዛፍን አንድ ማሳ ላይ አዋሕደው ጥቅጥቅ ያለ ሕዝብ ሲመግቡ ኖረዋል። ዓለም የመዘገበውን እኛ ለኮንሶና ለጌዴኦ ልጆች በባዕድ ቋንቋ፣ የባለቤቱን ስም ሳንጠራ መልሰን እናስተምራቸዋለን። ስለዚህ ዘላቂነት የፈረንጅ ጉዳይ የመሰላቸው በእነሱ ጥፋት አይደለም። የፈረንጅ ያደረግነው እኛ መምህራኑ ነን።

የወጣችው ዓረፍተ ነገር

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። «ለማን እንናገራለን?» ላሉት ልጆች መልስ ለመስጠት ስሞክር ራሴን አጋለጥሁ።

ከመማሪያ ክፍላችን ጀርባ፣ ከተማሪዎች ካፌ የሚወጣ የፍሳሽ ቦይ አለ። ቅባት የተቀላቀለበት ውሃ ግቢውን አቋርጦ ከአጥር ውጭ ካለው ወንዝ ይገባል። እዚያ ወንዝ ላይ እናቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ጎልማሶች ሰላጣና ጎመን ያጠጣሉ። ሰላጣው ተመልሶ ለካፌው የሚሸጥበት ጊዜም እንዳለ ከሻጮቹ ሰምተናል። ከላይ ከዘረዘርኋቸው አራት ክህሎቶች ሁሉንም የሚያለማምድ ቦይ ከዚህ የተሻለ ከየት ይገኛል? ለአምስት ተማሪዎች የቡድን ሥራ አድርጌ ሰጠኋቸው።

ልጆቹ ሦስት ቅዳሜ ሠሩ። ቦዩ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚፈስ መዘገቡ፤ አትክልተኞቹን፣ ልብስ አጣቢዎቹንና የወጥ ቤት ሠራተኞቹን አነጋገሩ፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ የቅባት ማጥለያ ቢሠራ ምን ያህል እንደሚፈጅ ከግንበኛ ጋር አሰሉ። ዐሥራ አንድ ገጽ ጻፉ። በሙያዬ ካነበብኋቸው የተማሪ ሥራዎች ሁሉ ይህ በለጠብኝ። የመደምደሚያው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ግቢያችን የሚያስተምረውና የሚያደርገው እንደማይገናኝ በግልጽ ይናገር ነበር።

ሪፖርቱ ለሚመለከተው ክፍል ከመግባቱ በፊት የቡድኑን ተጠሪ ቢሮዬ ጠራኋትና «ይህችን ዓረፍተ ነገር ለጊዜው አውጪያት» አልኋት።

«ዶክተር፣ ስሕተት አለባት?» አለችኝ።

«ስሕተት የለባትም። ጊዜው አይደለም እንጂ።»

«ጊዜው መቼ እንደሚሆን ይነግሩናል?»

መልስ አልነበረኝም። ዝም ስል አይታ አወጣችው። ሪፖርቱ ያለ ዓረፍተ ነገሩ ገባ፤ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም ተመታበት፤ ፋይል ውስጥ ገባ። ሪፖርቱ ሳይነበብ ሳምንታት አለፉ፤ ቦዩም እንደ ወትሮው ይፈስሳል። ለቡድኑ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋቸው። ነጥቡ ካሳ መሆኑን እነሱም እኔም እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ ነበር አንድ ሐሳብ የገባኝ። ልጆቹ ከእኔ የተማሩት በክፍል የዘረዘርሁላቸውን አራት ክህሎቶች አይደለም፤ አምስተኛ ተምረዋል። እርሱም የትኛው እውነት እንደማይጻፍ አስቀድሞ መገመት ነው። በአገራችን ከሁሉ የበለጠ ዘላቂ ሆኖ የተገኘው ክህሎት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ንጉሡ፣ ደርግ፣ ኢሕአዴግ አለፉ፤ እርሱ ግን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ እየተላለፈ እስከ ዛሬ አለ። ማንም አላስፈራራኝም፤ ማንም ደብዳቤ አልጻፈልኝም። በገዛ እጄ፣ በገዛ ቢሮዬ ነው ያስወጣሁት።

ከመፈክርና ከዘመቻ ባሻገር

በእኔ እምነት የዚህ ጉዳይ ፖለቲካ እዚህ ላይ ነው ያለው። ዘላቂነት በመሠረቱ የጥያቄ ትምህርት ነው፤ ማን ይጠቀማል፣ ማን ይከፍላል፣ ከሃያ ዓመት በኋላስ ምን ይቀራል ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄ የማይወደድበት ቤት ውስጥ ዘላቂነትን ማስተማር አፍ አስይዞ ዘፈን እንደ ማስተማር ነው። ጥያቄው ሲወጣ የሚቀረው ዘመቻ ብቻ ነው።

ዘመቻን ላጣጥል አልፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። እኔም ከተማሪዎቼ ጋር ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ተክያለሁ፤ ደስታውም እውነተኛ ነበር። የተራቆተ ተራራ ያላት አገር ዛፍ መትከል አለባት። ጥያቄዬ ሌላ ነው። በግቢያችን በየክረምቱ የተተከለውን ቁጥር ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን፤ የጸደቀውን የሚያውቅ ግን አላገኘሁም። አንድ ተማሪ በጥር ወር ወጥቶ የጸደቀውንና የደረቀውን ቢቆጥር፣ የደረቀው በውሃ ጥም ይሁን በከብት፣ ያለ ቦታው በመተከሉ ይሁን በምስጥ ቢጽፍ፣ ያ ወረቀት ከአንድ ሴሚስተር ትምህርት ይበልጣል። የተከለው እጅ ይመሰገናል፤ የቆጠረው እጅ ግን ይማራል።

ስለ ጥያቄ ሲነሣ የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን ተማሪዎች መርሳት አይቻልም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ያነሡት ጥያቄ የመሬትና የፍትሕ ጥያቄ ነበር። በዚያው ዓመት የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየላከ፣ ብዙዎቹን በመምህርነት እያሠራ፣ የገጠሩን ኑሮ በዓይናቸው አሳይቷቸዋል። በንባብ የተጀመረው ጥያቄ ያን ጊዜ በዓይን የታየ ጥያቄ ሆነ። ይሁን እንጂ ያ ትውልድ መጠየቅን የተካነውን ያህል መደማመጥን አልተካነም፤ ጥያቄው በወንድማማቾች ደም ተጠናቀቀ። ወላጆቻችን ከዚያ የወሰዱት ትምህርት «ልጄ፣ አትጠይቅ» የሚል ሆነ። እኔ ያደግሁት በዚህ ምክር ነው፤ የተማሪዬንም ዓረፍተ ነገር ያስወጣው ይኸው ምክር ነው። ግን ትክክለኛው ትምህርት «ጠይቅ፣ አድምጥም» የሚለው መሆን ነበረበት። ሦስተኛው ክህሎት፣ ጥቅማቸው የሚጋጩትን ማስማማት፣ ከአራተኛው ተለይቶ የማይቆመው ለዚህ ነው።

ምን ይደረግ?

በማማረር ብቻ መጨረስ ስለማይገባ፣ ብዙ በጀት የማይጠይቁ አራት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ግቢው ራሱ ቤተ ሙከራ ይሁን። ስንት ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ይጣላል፣ ስንት እንጀራ ይተርፋል፣ ፍሳሹ የት ይገባል፣ የበራው መብራት ስንት ያስከፍላል? በየዓመቱ ተማሪዎች ይለኩ፤ ውጤቱም ማኅተም ተመትቶበት ፋይል ከሚገባ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የሚመለከተው ክፍልም ለምን እንዳደረገ ወይም እንዳላደረገ ከሥሩ ይጻፍ። «ገንዘብ የለንም» ማለት መልስ ነው፤ ዝምታ ግን መልስ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲመረጥ አንዱ ቡድን የጀመረውን ቀጣዩ ዓመት ተማሪ ይረከበው። ሥራችን ሁሉ በሴሚስተር ተጀምሮ በሴሚስተር እየሞተ ስለ ዘላቂነት ማውራት አያምርብንም።

ሦስተኛ፣ ዕውቀት ያለው ገበሬ ክፍል ገብቶ ያስተምር። የኮንሶው አባት ስለ እርከን ሁለት ሰዓት ቢናገር፣ በሚናገርበት ቋንቋ ይናገር፤ ልጁ ይተርጉምለት። ያን ቀን አባትና ልጅ የሚሰማቸውን ኩራት ለመገመት አያዳግትም።

አራተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ትርጉም ከማስታወስ አልፎ እውነተኛ ችግር ያቅርብ። ሐይቅ፣ ገበሬና ከተማ አስቀምጦ «ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቅ። ፈተናው የጠየቀውን መምህሩ ያስተምራል፤ መምህሩ ያስተማረውን ተማሪው ያጠናል። እኛ የምንገኝበት እውነታ ይህ ነው።

እኔ በበኩሌ ትንሽ ጀምሬአለሁ። ሃንድአውቱን ጥዬ አዲስ እየጻፍሁ ነው፤ የጎደለችውም ፊደል ገብታለች። የቡድኑን ተጠሪ መልሼ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ያስወጣኋትን ዓረፍተ ነገር ወደ ቦታዋ እንድትመልስ ነገርኋት። ሪፖርቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲገባ ከአምስቱ ተማሪዎች ስም በላይ የእኔ ስም ተጽፎ ነው የገባው፤ የሚቆጣ ካለ መጀመሪያ የሚያነበው እኔን ይሁን ብዬ ነው።

ተጠሪዋ ከቢሮዬ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ «ካልመለሱልን ምን እናደርጋለን?» አለች። «ለሦስተኛ ጊዜ እናስገባለን» አልኋት። ፈገግ አለች፤ ማመኗን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። እምነቷን መልሼ ማግኘት ያለብኝ እኔ ነኝ።

መልስ እስከ ዛሬ አልመጣም። ቦዩም ይፈስሳል። ባለፈው ክረምት ከአጥሩ ጥግ ከተከልናቸው ችግኞች አንዱ ግን፣ አንድ ሰው በየማታው የታጠበበትን ውሃ እያፈሰሰለት፣ በጋውን ሊሻገር ነው። ማን እንደሆነ ገና አላወቅሁም። ስደርስበት ክፍል ውስጥ አቁሜ አስተምርበታለሁ።

ቸር ይግጠመን!